ሰርቨሩ ሳይጨናነቅ ለፊድ ተመዝጋቢዎች አዲስ ነገር ማድረስ

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ፊድ አላችሁ እንበል፤ ማለትም የሳይታችሁ አዳዲስ ጽሑፎች ለፕሮግራም በሚመች መልክ የሚዘረዘሩበት ፋይል። አርኤስኤስም ይሁን አቶም (ሁለቱ የፊድ አጻጻፍ ዓይነቶች) ለውጥ የለውም። 10,000 ተመዝጋቢ አለው። የእያንዳንዱ ተመዝጋቢ ፊድ አንባቢ፣ ማለትም ፊዱን የሚከታተልለት ፕሮግራም፣ በየ15 ደቂቃው እየመጣ "አዲስ ነገር አለ?" ይላል። በቀን 96 ጊዜ ነው። በ10,000 ስታባዙት 960,000 ጥያቄ ይሆናል። ፊዱ 200 ኪሎባይት ቢሆንና ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሙሉውን ቢያስረክብ በቀን 192 ጊጋባይት ይወጣል። እናንተ ግን በቀን የምትጽፉት ሁለት ጽሑፍ ነው። ሁለቱን ለ10,000 ሰው ለማድረስ 20,000 ጥያቄና 4 ጊጋባይት ይበቃ ነበር። የቀረው 188 ጊጋባይት የወጣው "ምንም የለም" ለማለት ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ሰርቨሩ ሲጨናነቅበት በቀጥታ ወደ ፑሽ ይሮጣል፤ ማለትም እስኪጠየቅ ሳይጠብቅ አዲሱን ነገር ራሱ ወደ ተመዝጋቢው መላክ። ፑሽ ጥሩ ነው፣ እንደርስበታለን። ግን ፑሽ ብትጨምሩም እየተመላለሰ የሚጠይቀው ሰው መጠየቁን አያቆምም፤ ግማሹ ፑሽ መቀበል እንኳ አይችልም። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው "ምንም የለም" የሚለውን መልስ ርካሽ ከማድረግ ነው። ይሄ ሳይስተካከል ሌላው ሁሉ ማስታገሻ ነው።

አንድ ነገር ልበልና ልቀጥል፦ የሄደሮቹን፣ ማለትም ከጥያቄና ከመልስ ጋር የሚሄዱትን አጫጭር የመረጃ መስመሮች፣ ስም እዚህ የምጽፈው እንደሚነበበው ነው። ኮድ ውስጥ ስትገቡ በላቲን ፊደል እንደምትጽፉት ታውቃላችሁ።

"ምንም የለም" በጥቂት ባይት

ኤችቲቲፒ፣ ዌብ የሚነጋገርበት ደንብ፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነገር አለው፤ ኮንዲሽናል ጌት ይባላል። ሰርቨሩ ፊዱን ሲሰጥ ኢታግ የሚባል ሄደር አብሮ ይልካል። የዚያች ቅጂ መለያ ነው፣ ለምሳሌ በጥቅስ ውስጥ "ቀ47"። ፊድ አንባቢው መለያውን ያስቀምጥና በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ኢፍ-ነን-ማች በሚል ሄደር መልሶ ያቀርበዋል። "እኔ ጋ ያለው ቀ47 ነው፣ ከተለወጠ ስጠኝ" እንደማለት ነው። ካልተለወጠ ሰርቨሩ 304 ("አልተለወጠም" የሚል የመልስ ቁጥር) ይልና ዝም ይላል። ሙሉ ፊድ የለም፣ ሄደር ብቻ። ላስት-ሞዲፋይድ እና ኢፍ-ሞዲፋይድ-ሲንስም በቀን ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ፤ ሁለቱም አብረው ከመጡ ግን ሰርቨሩ ማየት ያለበት ኢታጉን ነው። ሁለቱንም ላኩ፣ ምክንያቱም አንዳንዱ አንባቢ አንዱን ብቻ ነው የሚያውቀው።

አሁን ሒሳቡን ድገሙት። 304 መልስ 300 ባይት ያህል ነው እንበል። 940,000 ጊዜ "ምንም የለም" ስትሉ 282 ሜጋባይት ይወጣል። ከ188 ጊጋባይት ወደ 282 ሜጋባይት። ምንም አዲስ ሶፍትዌር ሳትገዙ፣ ምንም ፑሽ ሳትነኩ።

ያላችሁ መስሏችሁ የሌላችሁ ሊሆን ስለሚችል ሞክሩት። ተርሚናል ክፈቱና በከርል (ከተርሚናል የዌብ ጥያቄ በሚልክ ፕሮግራም) ፊዱን ጠይቁ፤ ሄደሮቹን እንዲያሳያችሁ አድርጉ። ኢታጉን ከነጥቅስ ምልክቱ ቅዱት። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ኢፍ-ነን-ማች ጨምራችሁ ድገሙት። 304 ከመጣ ጥሩ። 200 ("እሺ፣ ይኸውላችሁ" የሚል የመልስ ቁጥር) መጥቶ ፊዱ ሙሉውን ስክሪኑ ላይ ከተዘረገፈ ችግር አለ፣ ችግሩም ብዙ ጊዜ ከሚከተሉት አንዱ ነው።

አንደኛውና ዋነኛው፣ ፊዱ በየጥያቄው ራሱን ይለውጣል። አርኤስኤስ ውስጥ ላስት-ቢልድ-ዴት የሚባል ታግ አለ። አንዳንድ ሶፍትዌር እዚያ ላይ የመጨረሻው ጽሑፍ የወጣበትን ሰዓት ሳይሆን የአሁኑን ሰዓት ያስገባል። ሰዓቱ በየሰከንዱ ስለሚለዋወጥ የፋይሉ ሃሽም (ከይዘቱ የሚሰላው አጭር መለያ) ይለወጣል፣ ኢታጉም ይለወጣል፣ 304 የሚባል ነገር መቼም አይመጣም። ሄደሩ አለ፣ ጥቅሙ የለም። ፊዱን በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ አውርዱና አወዳድሩ። አዲስ ጽሑፍ ሳይወጣ ልዩነት ካያችሁ ጥፋተኛው እሱ ነው፦ ሰዓቱ፣ የተነበበ ቁጥር ቆጣሪ፣ ወይም ሊንክ ጫፍ ላይ የተለጠፈ ዘፈቀደ ኮድ።

ሁለተኛው ጂዚፕ፣ ማለትም ፋይሉን ጨምቆ መላክ፣ ነው። መጭመቁ የግድ ነው፤ ፊድ የሚጻፍበት ኤክስኤምኤል ጽሑፍ ስለሆነ በደንብ ይጨመቃል፣ ወደ ሩብ መውረዱ የተለመደ ነው። ግን አንዳንድ ዌብ ሰርቨር ፋይሉን ሲጨምቅ ኢታጉንም ይነካካዋል። አፓቼ የሚባለው ዌብ ሰርቨር ለምሳሌ ኢታጉ ጫፍ ላይ "ጂዚፕ" የሚል ቅጥያ ይለጥፋል፤ አንባቢው ቅጥያውን ይዞ ሲመለስ ከዋናው ጋር አልገጥም ብሎ 304 የሚጠፋበት ሁኔታ የታወቀ ጣጣ ነው። ሌላው ዌብ ሰርቨር ኤንጂንኤክስ በበኩሉ ኢታጉን ደካማ ወደሚባለው ዓይነት ("ይዘቱ ያው ነው፣ ባይት በባይት ግን ላይገጥም ይችላል" ወደሚለው) ይለውጠዋል፤ ያ ችግር የለውም፣ የራሳችሁ ኮድ ደካማውንና ጠንካራውን በፊደል ለፊደል ካላወዳደረ በስተቀር። ሙከራውን በጭመቃም ያለጭመቃም አድርጉት።

ሦስተኛው ብዙ ሰርቨር ያላቸውን የሚመለከት ነው። ኢታጉ የሚሠራው ከፋይሉ የዲስክ ቁጥር ከሆነ አንዱ ሰርቨር ያወጣውን ሌላው አያውቀውም። የድሮ አፓቼ እንዲህ ነበር። መለያውን ከይዘቱ አውጡት፤ የመጨረሻው ጽሑፍ መለያ ቁጥርና የተስተካከለበት ሰዓት ተደምረው ይበቃሉ።

ባንድዊድዝ ተቆጥቦ ሲፒዩ ሲቃጠል

304 እየላከ ሰርቨሩ አሁንም የሚያቃስት ሰው አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኮዱ ጥያቄ ሲመጣ ዳታቤዝ ይከፍታል፣ 20 ጽሑፍ ያወጣል፣ ኤክስኤምኤሉን ይገነባል፣ ሃሹን ያሰላል፣ ከዚያ "አዬ፣ ያው ነው" ብሎ 304 ይልካል። ሥራው ሁሉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው መልሱ የተገኘው። ባንድዊድዝ ተረፈ፣ ሲፒዩው ግን ያው ነው።

መፍትሔው ፊዱን ሲጠየቅ ሳይሆን ሲታተም መሥራት ነው። አዲስ ጽሑፍ ስታወጡ አንድ ጊዜ ገንቡት፣ ዲስክ ላይ እንደ ተራ ፋይል አስቀምጡት፣ ከዚያ በኋላ ዌብ ሰርቨሩ ራሱ ይስጠው። ተራ ፋይል መስጠትና 304 ማለት ኤንጂንኤክስም አፓቼም ተኝተው የሚሠሩት ሥራ ነው። የጭመቃውንም ቅጂ አብራችሁ አዘጋጁ፣ በየጥያቄው እንዳይጨመቅ። ፋይሉን ስትጽፉ በሌላ ስም ጻፉና መጨረሻ ላይ ስሙን ለውጡት፤ አለበለዚያ ግማሽ ላይ የመጣ ሰው የተቆረጠ ኤክስኤምኤል ይወስዳል።

የምትጠቀሙት ሲስተም ይሄን የማያስችል ከሆነ ከፊቱ ካሽ፣ ማለትም የተዘጋጀ ቅጂ ይዞ የሚመልስ ጊዜያዊ ማስቀመጫ፣ አቁሙ። ካሽ-ኮንትሮል ሄደር ላይ ማክስ-ኤጅ 900 ብትሉ "ለ15 ደቂቃ ይሄ ቅጂ ይበቃል" ማለት ነው፤ ሲዲኤን (ቅጂያችሁን በየቦታው ባሉ ሰርቨሮች የሚያድል አገልግሎት) ካላችሁ አብዛኛው ጥያቄ እናንተ ጋ ሳይደርስ እዚያው ያልቃል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ የካሹ ጊዜ ባለቀባት ሰከንድ ብዙ ጥያቄ በአንድ ላይ ገንፍሎ ወደ ኋላ እንዳያልፍ። ኤንጂንኤክስ ላይ አንዱን ብቻ አሳልፎ ሌላውን የሚያስጠብቅ፣ አዲሱ እስኪመጣ አሮጌውን ቅጂ እንዲሰጥ የሚያደርግ ቅንብር አለ። ሁለቱንም አብሩ።

የፊዱንም መጠን እዩት። 500 ጽሑፍ በአንድ ፊድ ውስጥ ያጨቀ ሰው ለምን ከበደኝ ማለት የለበትም። የቅርቡ ከ10 እስከ 20 ይበቃል። በቀን ብዙ የምታወጡ ከሆነ ጨመር አድርጉ፤ መለኪያው በቀን አንድ ጊዜ የሚመጣ አንባቢ ምንም እንዳያመልጠው ነው። አሮጌውን ለሚፈልግ አርኤፍሲ 5005 የሚባለው የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ ማህደሩን በገጽ በገጽ ከፋፍሎ ማያያዝን ያሳያል፤ አዲሱ ፊድ ቀላል ሆኖ አሮጌው በሊንክ ይገኛል።

ሰዓቱ ሲሞላ የሚመጣው ጎርፍ

አማካይ ቁጥር ያታልላል። 10,000 አንባቢ በሰዓት አንድ ጊዜ ቢመጣና በ3,600ው ሰከንድ ላይ ቢበተን በሰከንድ ሦስት እንኳ አይሞላም። ይሄን ያረጀ ላፕቶፕም ይሸከመዋል። ግን ሁሉም ክሮናቸውን (ሥራን በተወሰነ ሰዓት የሚያስጀምረውን ፕሮግራም) ዜሮ ደቂቃ ላይ ካሰሩት፣ ያው 10,000 በመጀመሪያዎቹ 10 ሰከንዶች ይመጣና በሰከንድ 1,000 ይሆናል። ከዚያ ለ59 ደቂቃ ፀጥ። ሎጋችሁን (የሰርቨሩን የጥያቄ መዝገብ) በደቂቃ ከፋፍላችሁ ስሉት፤ ዜሮ ደቂቃ ላይና ሠላሳኛው ላይ ተራራ ካያችሁ ይሄው ነው።

ፊድ አንባቢ የምትጽፉ ወይም ፊድ የሚሰበስብ ስክሪፕት ያላችሁ፣ ይሄ ክፍል ለእናንተ ነው። ዜሮ ደቂቃን ተዉት። የፊዱን ዩአርኤል ሃሽ አድርጉና ለ60 አካፍሉት፤ የሚተርፈው ቁጥር የዚያ ፊድ ደቂቃ ይሁን። አንዱ 7ኛው ደቂቃ ላይ፣ ሌላው 43ኛው ላይ ይወድቃል፣ ሁልጊዜም እዚያው ይቆያል። ይሄ የእናንተን ሰርቨር ያሳርፋል፣ ብዙ ፊድ ስለምትጠይቁ። የአንዱን ፊድ ሰርቨር ለማሳረፍ ደግሞ ሃሹ ላይ የእያንዳንዱ ተከላ የራሱ መለያ መጨመር አለበት፤ አለዚያ ያንን ሶፍትዌር የጫነ ሁሉ ለዚያ ፊድ ተመሳሳይ ደቂቃ ያወጣና ጎርፉ ከዜሮ ወደ 43 ተዛወረ እንጂ አልቀረም።

በአንዱ ጥያቄና በሚቀጥለው መሃል ያለው ርቀትም አንድ ዓይነት መሆን የለበትም። በወር አንድ ጊዜ የሚጽፍን ሰው በየ15 ደቂቃው መጠየቅ ከንቱ ነው። ቀላሉ ዘዴ፦ ምንም ካልተገኘ ርቀቱን በእጥፍ ጨምሩ፣ እስከ 24 ሰዓት ድረስ። አዲስ ከተገኘ በግማሽ ቀንሱ፣ ከ15 ደቂቃ ግን አትውረዱ። ማክስ-ኤጅ ተሰጥቶ ከሆነ ከዚያ በፊት አትምጡ። አርኤስኤስ ውስጥ ቲቲኤል የሚባል በደቂቃ የሚሰጥ ቁጥር፣ የማትመጡባቸው ሰዓቶችና ቀኖች የሚዘረዘሩባቸው ታጎችም አሉ፤ አታሚው ካስቀመጠ አክብሩለት። እንደ አታሚ ግን አትመኩባቸው፣ ብዙ አንባቢ ዞር ብሎም አያያቸውም።

ኢታጉን ስታስቀምጡ እንደመጣ አስቀምጡት። ጥቅሱን አትግፈፉ፣ ከፊቱ ያለውን የደካማነት ምልክት አትቁረጡ። ላስት-ሞዲፋይድም እንዲሁ፤ የራሳችሁን ሰዓት አስልታችሁ አትላኩ፣ ሰርቨሩ የሰጣችሁን ጽሑፍ መልሱለት። ስህተት ሲመጣ ደግሞ ወዲያው አትድገሙ። 1 ደቂቃ፣ 2፣ 4፣ 8 እያላችሁ ሽሹ፣ በላዩም ዘፈቀደ ቁጥር ጨምሩበት። ሰርቨሩ ወድቆ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያየው ነገር በአንድ ሰከንድ የተመለሱ 10,000 አንባቢዎች ከሆነ ተመልሶ ይተኛል።

አሁን ወደ ፑሽ

ከላይ ያለው ከተሠራ በኋላ ፑሽ ትርጉም ይኖረዋል። ዛሬ ለዚህ ያለው ደረጃ ዌብሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ፐብሰብሃባብ በሚል ስም የተጀመረ ሲሆን፣ ጎግል ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ብራድ ፊትዝፓትሪክና ብሬት ስላትኪን ከጀማሪዎቹ ናቸው፤ የዌብ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ በ2018 ዌብሰብ ብሎ አጸደቀው። ዩቲዩብ አዲስ ቪዲዮ ሲወጣ ለፕሮግራመሮች የሚያሳውቀው በዚሁ መንገድ ነው።

ሐሳቡ አጭር ነው። በእናንተና በተመዝጋቢዎቹ መሃል ሃብ የሚባል ሰርቨር ይቆማል። እናንተ ለሃቡ አንድ መልእክት ትልካላችሁ፣ ሃቡ ይመጣና ፊዱን አንድ ጊዜ ይወስዳል፣ ከዚያ ለሺዎቹ የማደሉ ሸክም የእሱ ይሆናል።

በአታሚው በኩል ያለው ሥራ ሁለት ሊንክና አንድ ፖስት (መረጃ ይዞ የሚሄድ የኤችቲቲፒ ጥያቄ) ነው። ፊዱ ውስጥ ወይም ሄደሩ ላይ አንዱ ሊንክ ሃቡን ያሳያል፣ ሌላው ሰልፍ የሚባለው (በእንግሊዝኛ "ራስ" ማለት ነው) የፊዱን ትክክለኛ አድራሻ ይናገራል። ከዚያ ጽሑፍ ባወጣችሁ ቁጥር ለሃቡ ፖስት ትልካላችሁ፤ ሁለት ነገር ይዞ፣ ሃብ ሞድ ፐብሊሽ እና ሃብ ዩአርኤል የፊዱ አድራሻ። በቃ።

በቃ ብልም ሰው የሚጠፋበት ቦታ እዚህ ነው። ተመዝጋቢዎች የሚመዘገቡት ሰልፍ ላይ በተጻፈው አድራሻ ነው። ሰልፉ በኤችቲቲፒኤስ ተጽፎ እናንተ ፖስቱን በኤችቲቲፒ ከላካችሁ፣ ወይም አንዱ ጫፉ ላይ ስላሽ ኖሮት ሌላው ከሌለው፣ ለሃቡ ሁለት የተለያዩ ፊዶች ናቸው። ሃቡ "እሺ" ይላል፣ ስህተት አይታይም፣ ለማንም ምንም አይደርስም። ሁለቱን አድራሻ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ፊደል በፊደል ተመልከቱ።

ሌላው ቅደም ተከተሉ ነው። ከላይ ካሽ አቁሙ ብያለሁ። ጽሑፍ አውጥታችሁ ወዲያው ለሃቡ ብትነግሩት ሃቡ ይመጣል፣ ካሹ የ10 ደቂቃ አሮጌ ቅጂ ይሰጠዋል፣ ሃቡም አዲስ ነገር አላየሁም ብሎ ይመለሳል። ለማንም አያድልም። ስለዚህ ፋይሉን ጻፉ፣ ከካሹ ላይ አሮጌውን አስጠርጉ፣ ከዚያ ለሃቡ ንገሩ። በዚህ ቅደም ተከተል ብቻ።

ተመዝጋቢ ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ለሃቡ የምትልኩት ፖስት ሰብስክራይብ የሚል ሞድ፣ የፊዱን አድራሻ፣ መልእክት የሚደርስበትን የእናንተን አድራሻ ማለትም ካልባኩን፣ እና ምስጢር ቃል ይይዛል። ሃቡ 202 ይላል፤ ተቀብያለሁ፣ አረጋግጣለሁ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ካልባካችሁ በጌት ይመጣና ቻሌንጅ የሚባል ጽሑፍ ይሰጣችኋል። ያንን የፊድ አድራሻ በእርግጥ ጠይቃችሁ እንደሆነ አረጋግጡ፣ ከዚያ ጽሑፉን እንዳለ መልሱለት። ይሄ ባይኖር ኖሮ ማንም ተነስቶ የእናንተን ሰርቨር የ1,000 ፊድ ተመዝጋቢ ሊያደርገው ይችል ነበር። ካልባኩን ለእያንዳንዱ ፊድ የተለየና የማይገመት አድርጉት።

መልእክት ሲመጣ ወዲያው 200 በሉና ወረፋ ውስጥ ክተቱት፤ ማንበቡን፣ ዳታቤዝ መጻፉን፣ ለተጠቃሚ ማሳወቁን ሌላ ሠራተኛ ፕሮሰስ ይሥራው። ሃቡን አስጠብቃችሁ ሥራ ከጀመራችሁ ይሰለቻል፣ አልደረሰም ብሎም ደግሞ ይልካል። ምስጢር ቃል ሰጥታችሁ ከሆነ ከመልእክቱ ጋር ፊርማ ይመጣል። ካልገጠመ መልእክቱን ጣሉት፣ መልሱ ግን ያው 200 ይሁን፤ ለሚሞክራችሁ ሰው ምን እንደሠራና እንዳልሠራ አትንገሩት።

ምዝገባው ጊዜ አለው። ሃቡ ለምሳሌ 10 ቀን ብሎ ከሰጣችሁ ከ10 ቀን በኋላ ዝም ይላል፣ አያስጠነቅቅም። ከማለቁ በፊት አድሱ። 5,000 ፊድ በአንድ ቀን ካስመዘገባችሁ ሁሉም በአንድ ቀን ያልቃሉ፣ እድሳቱም ራሱ ሃቡ ላይ ጎርፍ ይሆናል። በተለያየ ቀን በትኑት። ዌብሰብ ስላለ ብላችሁም መጠየቁን ጨርሳችሁ አትተዉ፤ በ12 ወይም በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ደርሳችሁ ብትመለሱ በመሃል የጠፋ መልእክት ይያዛል። ኢታጉ ስላለ ዋጋው ኢምንት ነው።

ቀጭን መልእክት፣ ወፍራም መልእክት

ሃቡ የሚልከው ይዘቱን ራሱን ነው። አርኤስኤስ ክላውድ የሚባለው የቆየው ዘዴ ግን "ተለውጧል፣ ናና ውሰድ" ብቻ ነው የሚለው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቀጭን መልእክት ለ10,000 ሰው በአንድ ጊዜ ስትልኩ 10,000 ሰው በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ቀኑን ሙሉ ተበትኖ ይመጣ የነበረውን ሰው ራሳችሁ ጠርታችሁ በር ላይ አሰለፋችሁት ማለት ነው። ከቻላችሁ ይዘቱን አብራችሁ ላኩ። ካልቻላችሁ መልእክቱን በአሥር ደቂቃ ላይ በትኑት፣ ወይም ተቀባዩ ከዘፈቀደ ጥበቃ በኋላ እንዲመጣ አድርጉት። የስልክ ኖቲፊኬሽን ያላችሁም ተጠንቀቁ፤ ስልኩ ጮኸ፣ ሰው ነካው፣ አፑ ሰርቨራችሁን ጠየቀ። ርዕሱንና መግቢያውን ከኖቲፊኬሽኑ ጋር ብትልኩ የመጀመሪያው ስክሪን ሰርቨሩን ሳይነካ ይከፈታል።

የራሴን ሃብ ልሥራ ለሚል፦ በአብዛኛው አያስፈልጋችሁም፣ ያለውን ተጠቀሙ። የግድ ከሆነ ግን መላኩን "አትም" የሚለው ቁልፍ ሥር አታስገቡት። 10,000 ተመዝጋቢ፣ ለእያንዳንዱ 200 ሚሊሰከንድ፣ አንድ በአንድ ከተላከ 33 ደቂቃ ይፈጃል። ከእነሱ 100ው የሞቱ ቢሆኑና እያንዳንዱን 30 ሰከንድ ብትጠብቁት ሌላ 50 ደቂቃ ይጨመራል። ወረፋ ይኑር፣ 50 ሠራተኛ ፕሮሰስ ከእሱ እየሳቡ ይሥሩ፣ ጥበቃው ከ10 ሰከንድ አይለፍ። ያልተሳካው ወደ ሌላ ወረፋ ይሂድና እየራቀ ይሞከር፤ ለቀናት ያልመለሰው ይሰረዝ። አንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ተመዝጋቢ ካለ ደግሞ በአንድ ጊዜ የምትከፍቱትን ግንኙነት ወስኑ፣ አለበለዚያ የእናንተ ሰርቨር ተርፎ የሰው ይወድቃል።

መከልከል ሲያምራችሁ

በየ10 ሰከንዱ የሚመጣ ስክሪፕት አይጠፋም። 429 ("ጥያቄ አብዝተሃል" የሚል መልስ) ስጡት፣ ሪትራይ-አፍተር በሚል ሄደር ስንት ሰከንድ መጠበቅ እንዳለበት ጨምሩ። ግን በአይፒ ብቻ አይታችሁ አትዝጉ። ፊድሊ የሚባለውን ፊድ አንባቢ የመሰለ ሰብሳቢ ለብዙ ሺህ ሰው አንድ ጊዜ ይወስዳል፤ እሱን መዝጋት እነዚያን ሁሉ አንባቢዎች መዝጋት ነው። እንዲህ ያሉት ዩዘር ኤጀንታቸው (ማንነታቸውን የሚናገረው ሄደር) ላይ ስንት ተመዝጋቢ እንደሚወክሉ ይጽፋሉ፣ ሎጉ ላይ ይታያል። ከመዝጋት በፊት እሱን አንብቡ።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ፦ ፊድ ላይ "ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ" የሚል ገጽ ማቆም። ፊድ የሚያነበው ሮቦት ነው፣ የተሠራውም ለሮቦት ነው! የሲዲኤናችሁ የቦት መከላከያ ፊዱን እንዲያልፈው ለይታችሁ ንገሩት።

ማረም፣ መለያና መዛወር

ጽሑፍ ካወጣችሁ በኋላ ሦስት ፊደል ልታርሙ ትችላላችሁ። እያንዳንዷ እርማት ለሃቡ መልእክት ከላከች ተመዝጋቢው ለአንድ ጽሑፍ አራት ጊዜ ይጠራል። ከመጨረሻው ለውጥ በኋላ 5 ደቂቃ ጠብቆ አንድ ጊዜ ብቻ የሚልክ አድርጉት። ሰበር ዜና ካልሆነ 5 ደቂቃ ማንንም አይጎዳም።

የእያንዳንዱ ጽሑፍ መለያ፣ አርኤስኤስ ላይ ጂዩአይዲ፣ አቶም ላይ አይዲ፣ አንዴ ከወጣ አይነካም። ሳይቱን ከኤችቲቲፒ ወደ ኤችቲቲፒኤስ ስታዛውሩ መለያው ከሊንኩ ጋር አብሮ ከተለወጠ ፊድ አንባቢዎች 20ውንም የቆየ ጽሑፍ እንደ አዲስ ይቆጥሩታል፣ ለሁሉም ተመዝጋቢ 20 ማሳወቂያ ይሄዳል። መለያውን ከአድራሻ ማላቀቅ ይሻላል።

ፊዱ አድራሻ ከቀየረ 301 ("ለዘለቄታው ተዛውሯል") ስጡ፤ ጨዋ አንባቢ አዲሱን መዝግቦ አሮጌውን ይተዋል፣ ባለጌው ግን ዓመቱን ሙሉ በአሮጌው ስለሚመጣ ሪዳይሬክቱን ቶሎ አታንሱት። ጨርሶ ከተዘጋ ደግሞ 404 ("አልተገኘም") ሳይሆን 410 ("ላይመለስ ሄዷል") በሉ። 404 ሲያይ "ነገ ይመለስ ይሆናል" ብሎ የሚመላለሰው አንባቢ 410 ሲያይ ምዝገባውን ይሰርዛል።